ክሪስታል ትልቅ ወይም ትንሽ የሚሆነው ለምንድን ነው? በጠረጴዛ ላይ ሞክሩት፣ ከዚያ ድንጋዩን አንብቡት

አንድ ግራናይትና አንድ ኦብሲዲያን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ግራናይቱ በዓይን በሚታዩ ቅንጣቶች የተሞላ ነው፤ ሮዝ፣ ነጭ፣ ግራጫ፣ ጥቁር። ኦብሲዲያኑ ጥቁር መስታወት ነው፤ ሲሰበር ጠርዙ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። የተሠሩበት ነገር ግን በጣም የተቀራረበ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሲሊካ (ኳርትዝ የተሠራበት ነገር) የበዛበት ማግማ፣ ማለትም መሬት ውስጥ የቀለጠ ድንጋይ፣ ነበሩ። አንዱ መሬት ውስጥ ተዳፍኖ ቀስ እያለ ቀዘቀዘ፣ ሌላው ወደ ላይ ወጥቶ በፍጥነት ረጋ።

"ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ትልቅ ክሪስታል፣ ቶሎ ከቀዘቀዘ ትንሽ።" ይህን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። ልክ ነው። ግን እዚያ ላይ ማቆም አልወድም። ምክንያቱን ሳይዝ ዓረፍተ ነገሩን ብቻ የሸመደደ ሰው የመጀመሪያው እንግዳ ድንጋይ ላይ ይሳሳታል። ምክንያቱ ደግሞ ከባድ አይደለም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ጠረጴዛና ትንሽ ትዕግሥት ካላችሁ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ሙከራ፣ ከዚያ ድንጋይ።

ከሙከራው በፊት ይህን ያዙ

ቅልጥ ሲቀዘቅዝ ሁለት ነገር ይከናወናል። አንደኛው መጠንሰስ ነው። ጥቂት አቶሞች ሥርዓት ይዘው ይያያዙና የክሪስታል ጥንስስ ይሆናሉ። ሁለተኛው ማደግ ነው። ሌሎች አቶሞች እየመጡ በዚያ ጥንስስ ላይ ይደረደራሉ።

ቅልጡ ከመርጊያው ሙቀት ትንሽ ብቻ ዝቅ ሲል መጠንሰስ ይከብዳል። ገና የተፈጠሩት ጥቃቅን ስብስቦች ተመልሰው ይሟሟሉ፤ የሚተርፉት ጥቂት ናቸው። አቶሞቹ ግን ገና ትኩስ ስለሆኑ እንደ ልብ ይንቀሳቀሳሉ፣ ስለዚህ የተረፉት ጥቂቶች ይፋፋሉ። ሙቀቱ ባንዴ ብዙ ከወረደ ደግሞ ጥንስስ በየቦታው ይፈላል። ሺህ ክሪስታል ያንኑ ቅልጥ ይሻማል፣ አንዱም በወጉ ሳያድግ ቦታው ያልቃል። ከዚያም በላይ ከፈጠነ ቅልጡ ዝልግልግ ይሆንና አቶሞቹ መራመድ ያቅታቸዋል፤ ሥርዓት ሳይዙ ባሉበት ይደርቃሉ። በቃ፣ መስታወት ማለት ይህ ነው። ኦብሲዲያንም ይኸው ነው።

ስለዚህ "ምን ያህል ትልቅ ነው?" ከማለታችሁ በፊት "ስንት ናቸው?" በሉ። እኔ ነገሩ በትክክል የገባኝ መጠኑን መለካት ትቼ ቁጥሩን መቁጠር ስጀምር ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ሳሎል

ሳሎል ነጭ ዱቄት ነው፤ የኬሚስትሪ ስሙ ፊኒል ሳሊሲሌት ይባላል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው በ42 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚቀልጥ ነው። እሳት አያስፈልግም፣ ሙቅ ውሃ ይበቃዋል። ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ላቫ (ወደ ላይ የወጣ ማግማ) ሆኖ ሲፈስ ከ1000 እስከ 1200 ዲግሪ እንደሚደርስ አስቡትና፣ ያንኑ ሂደት ጠረጴዛ ላይ በእጅ ማየት መቻል ትልቅ ነገር ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ሳሎል፣ የሙከራ ቱቦ፣ 60 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ፣ ቴርሞሜትር፣ ሦስት የመስታወት ስላይድ፣ ጠብታ መጣያ፣ መርፌና አጉሊ መነጽር ነው። የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ። ዱቄቱ ቆዳና ዓይን ስለሚቆጠቁጥ በእጅ አትንኩት። ቅልጡን ወደ ፍሳሽ አትድፉት፤ በውሃ ውስጥ ያሉ ፍጥረታትን ይጎዳል። ወረቀት ላይ እንዲረጋ አድርጉትና ለሚቀጥለው ጊዜ አስቀምጡት።

አንዱን ስላይድ ፍሪዘር ውስጥ፣ አንዱን ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱን ደግሞ ለብ ያለ ውሃ የያዘ ኩባያ አፍ ላይ አስቀምጡ። ሳሎሉን በሙቅ ውሃ ውስጥ አቅልጡት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ፈሳሹ ጥርት ካለ በኋላም ሁለትና ሦስት ደቂቃ አቆዩት፤ ያልቀለጠ አንዲት ብናኝ ከቀረች እሷው ጥንስስ ሆና ሥራውን ሁሉ ታበላሻለች። ጠብታ መጣያውንም አሙቁት፣ አለበለዚያ ሳሎሉ ውስጡ ይረጋል። ከፍሪዘር የወጣው ስላይድ ጤዛ ስለሚይዝ ቶሎ ጥረጉት። ከዚያ በሦስቱም ላይ እኩል ጠብታ ጣሉ።

አሁን አንድ የሚገርም ነገር ልታዩ ትችላላችሁ። በተለይ በጠረጴዛው ስላይድ ላይ ያለው ጠብታ ከ42 ዲግሪ በታች ወርዶም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ቀዝቅዟል፣ ግን አልረጋም። ብዙ ሰው ሙከራው ከሸፈ ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። አልከሸፈም! መቀዝቀዝ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ጥንስስ እንደሚያስፈልግ እየነገራችሁ ነው። የመርፌውን ጫፍ በሳሎል ዱቄት ነካ አድርጉና ጠብታዎቹን ንኩ።

በቀዝቃዛው ስላይድ ላይ ጠብታው ወዲያው ነጭ ይሆናል። በአጉሊ መነጽር ስታዩት ቅንጣቶቹ እጅግ ብዙና ደቃቅ ናቸው። በጠረጴዛው ላይ ያለው መካከለኛ ነው። ለብ ባለው ስላይድ ላይ ግን ክሪስታሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ቀጥ ያለ ጠርዝና ጥርት ያለ ማዕዘን ያወጣሉ። ሁለት ክሪስታሎች ሲገናኙ ደግሞ ልብ በሉ፤ የሚገናኙበት መስመር ላይ አንዱ ሌላውን ያቆመዋል፣ ቅርጻቸውም እዚያ ጋ ይበላሻል። ይህን መስመር አትርሱት፣ ግራናይት ላይ እንደገና እናገኘዋለን።

ለብ ባለው ላይ ምንም ነገር ካልመጣ ስላይዱ ከመቅለጫው ሙቀት በላይ ሆኖ ጥንስሱን አቅልጦታል ማለት ነው። 35 ዲግሪ አካባቢ እስኪሆን ጠብቁና እንደገና በመርፌው ንኩት።

ሳሎል ካጣችሁ፦ አሉም

ፖታሲየም አሉምም ጥሩ ነው። የሚሠራው ግን በሌላ መንገድ ነው፤ ቅልጥ አይደለም፣ ውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር ነው። በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ 90 ግራም አሉም ጨምሩና ውሃውን 60 ዲግሪ አድርሳችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ አማስሉት። በማጣሪያ ወረቀት አጥልሉት። በሦስት ንጹሕ ብርጭቆ እኩል ክፈሉት። አንዱን በረዶ በገባበት ውሃ ውስጥ አቁሙ። አንዱን ጠረጴዛ ላይ ተዉት። ሦስተኛውን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ ካርቶን ውስጥ አስገቡና ማንም የማይነካው ቦታ አስቀምጡ። ሁሉንም ክደኑ።

በረዶው ውስጥ ያለው በደቂቃዎች ውስጥ አሸዋ የመሰለ ነጭ ነገር ያዘቅጣል። የተጠቀለለውን ግን እስከ ማግስቱ አትክፈቱት። መክፈት፣ ማንቀሳቀስ፣ "እስኪ እንዴት ሆነ" ብሎ ማንኳኳት ሁሉ አዲስ ጥንስስ ይፈጥራል። በማግስቱ ታች የምታገኟቸው ክሪስታሎች በቁጥር ከሌሎቹ ያነሱ፣ በመጠን ግን ተለቅ ያሉ ይሆናሉ፣ ስምንት ገጽ ያላቸውም ታያላችሁ።

በአሉም ፈንታ ተራ ጨው አትጠቀሙ። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ 36 ግራም ገደማ ጨው ያሟሟል፣ በ100 ዲግሪ ደግሞ 39 ግራም ገደማ። ልዩነቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ብታቀዘቅዙት የሚወጣ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ጨው ክሪስታል የሚሠራው ውሃው ሲተን ነው።

አንዳንዱ ሰው ሳሎል ቅልጥ ስለሆነ ለማግማ የተሻለ ምሳሌ ነው ይላል። እኔ ሁለቱም ያስፈልጋሉ ባይ ነኝ። ማግማ ብዙ ነገር የተደባለቀበት ቅልጥ ስለሆነ በብዙ መልኩ እንደ አሉም ውሃ ነው። ንጹሕ ሲሊካ ብቻውን ለመቅለጥ ከ1700 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ኳርትዝ ግን ከግራናይት ማግማ የሚወጣው በ700 ዲግሪ ገደማ ነው። ከሌላው ጋር ሟሙቶ ስለነበረ ነው።

ይህን ሙከራ በእውነተኛ ድንጋይ የሠራው ሰው

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ባዛልት ከውሃ ነው ወይስ ከእሳት የመጣው የሚል ከባድ ክርክር ነበር። ከውሃ ነው የሚሉት ጥሩ መከራከሪያ ነበራቸው፦ ድንጋይ ቀልጦ ቢረጋ መስታወት ነው የሚሆነው፣ ባዛልት ደግሞ መስታወት አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ሆል መልሱን ያገኘው ከመስታወት ፋብሪካ ነው። በሌዝ ከተማ አንድ የቀለጠ መስታወት በጣም ቀስ ብሎ ቀዝቅዞ ድንጋይ መስሎ ነበር። እንደገና አቅልጠው በፍጥነት ሲያቀዘቅዙት ተመልሶ መስታወት ሆነ።

ሆል ይህን ይዞ በኤዲንብራ አካባቢ ያለውን ጥቁር ድንጋይና የኤትናንና የቬሱቪየስን ላቫ በምድጃ አቀለጠ። በፍጥነት ሲያቀዘቅዘው መስታወት፣ ቀስ ብሎ ሲያቀዘቅዘው ክሪስታል ያለው ድንጋይ። ውጤቱን በ1798 ለኤዲንብራ ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ወዳጁ ጄምስ ሃተን፣ ያው የዘመናዊ ጂኦሎጂ አባት የሚባለው፣ በትንሽ ምድጃ የምድርን ሥራ መመርመር ይቻላል ብሎ አያምንም ነበር፤ ሆል ለእሱ ካለው አክብሮት የተነሣ ሥራውን በይፋ የቀጠለው ሃተን በ1797 ካረፈ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። እናንተ በሦስት ስላይድ የሠራችሁት እሱ በእቶን የሠራውን ነው።

አሁን ድንጋዩን አንሡ

አዲስ የተሰበረ ገጽ ፈልጉ። ዝናብና ፀሐይ የበላው ገጽ ይዋሻል። ድንጋዩን አርጥቡት፣ ቀለሞቹ ይለያሉ። ከዚያ ብርሃን ላይ እያገላበጣችሁ እዩት። ፌልድስፓር፣ ግራናይት ላይ ሮዝ ወይም ነጭ ሆኖ የሚታየው ማዕድን፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚሰነጠቅ በአንድ አቅጣጫ ሲያዞሩት ብልጭ ይላል፤ ብልጭ የሚለው ቦታ ስፋት የአንዱ ክሪስታል ስፋት ነው። 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ካላችሁ ወደ ዓይናችሁ አስጠጉትና ድንጋዩን ወደ መነጽሩ አምጡ። ብዙ ሰው መነጽሩን ድንጋዩ ላይ አስቀምጦ ከሩቅ ያያል፣ እንደዚያ አይሠራም።

በማስመሪያ ሃያ ያህል ቅንጣት ለኩ። ትልልቁን ብቻ አትምረጡ፣ ዓይን ወደ ትልቁ ይሄዳልና። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ደቃቅ ነው፣ ከ1 እስከ 5 መካከለኛ፣ ከ5 በላይ ሻካራ። ከ3 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ሌላ ታሪክ ነው፣ እመለስበታለሁ።

ደቃቅና ጥቁር ከሆነ ባዛልት ሊሆን ይችላል። ያው ማግማ ጥልቅ ቦታ ቢረጋ ጋብሮ ይሆን ነበር። ደቃቅና ፈዛዛ ከሆነ ራዮላይት፣ የእሱ የጥልቅ ወንድም ግራናይት ነው። ስሙን የሚሰጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ከምን እንደተሠራና ምን ያህል በፍጥነት እንደቀዘቀዘ።

ሁለት መጠን ካያችሁ፣ ማለትም ትልልቅ ክሪስታሎች በደቃቅ ቅንጣቶች መካከል ተበትነው ካሉ፣ ፖርፊሪ ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለት ምዕራፍ አለው። ማግማው ጥልቅ ቦታ ተቀምጦ ጥቂት ክሪስታሎችን በእርጋታ አሳደገ። ከዚያ በድንገት ወደ ላይ ወጣና የቀረው ፈሳሽ በጥድፊያ ረጋ። አንድ ድንጋይ ላይ ሁለት ፍጥነት ተጽፏል ማለት ነው።

ቅርጹንም እዩ። ግራናይት ውስጥ ፌልድስፓሩ ብዙ ጊዜ የራሱ ቀጥ ያለ ጎን አለው። ኳርትዙ ግን ቅርጽ የለውም፤ የተረፈውን ክፍተት ሞልቶ ነው የቀረው። ቀድሞ የመጣው ቦታ ነበረው፣ የዘገየው አልነበረውም። ሳሎሉ ላይ ያያችሁት የመገናኛ መስመር እዚህ አለ። የድንጋይ ተመራማሪው ኖርማን ቦወን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በቤተ ሙከራ ያሳየው የማዕድናት ቅደም ተከተል፣ ኦሊቪን ቀድሞ ኳርትዝ በመጨረሻ የሚለው፣ በእጃችሁ ባለው ድንጋይ ላይ እንዲህ ይነበባል።

የሚያሳስቱ ነገሮች

ባለ ስድስት ማዕዘን የባዛልት ዓምዶች ክሪስታል አይደሉም። በሰሜን አየርላንድ ያለው ጃይንትስ ኮዝዌይ በፎቶ ሲታይ እንደ ግዙፍ ክሪስታል ይመስላል። ዓምዶቹ ግን ላቫው ከረጋ በኋላ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ የተሰነጠቀበት መስመር ናቸው። ክሪስታሎቹ ዓምዱ ውስጥ ናቸው፣ እጅግ ደቃቅ ሆነው።

ላቫ ውስጥ ያሉ ቀዳዳዎችም ጋዝ የወጣባቸው አረፋዎች ናቸው። አንዳንዴ ዘግይቶ በመጣ ማዕድን ይሞላሉ፤ ያ ነጭ ነጥብ ከማግማው የረጋ ክሪስታል አይደለም።

ፔግማታይት ደግሞ ደንቡን የሚፈትነው ነው። ክሪስታሎቹ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ናቸው፣ አንዳንዴም ሜትሮች ይደርሳሉ። በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ፣ ኤታ በተባለ የማዕድን ማውጫ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም የስፖዱሚን ክሪስታል ተገኝቷል። "እጅግ በጣም ቀስ ብሎ ቀዝቅዞ ነው" ለማለት ትቸኩሉ ይሆናል። አይደለም። ብዙ ፔግማታይቶች ቀጫጭን ስለሆኑ ከትልቅ ግራናይት ይልቅ በፍጥነት ነው የቀዘቀዙት። ምስጢሩ ማግማው በመጨረሻው ሰዓት ውሃ፣ ቦሮን፣ ፍሎሪን የመሰሉ ነገሮች ስለሚበዙበት ነው። እነዚህ ቅልጡን ያቀጥኑታል፣ መጠንሰስን ያዘገያሉ፣ አቶሞችንም እንደ ልብ ያጓጉዛሉ። ጥንስስ ጥቂት፣ እድገት ፈጣን። ቁጥሩን ቁጠሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

መስታወት መሆንም እንዲሁ የፍጥነት ብቻ ጉዳይ አይደለም። ሲሊካ የበዛበት ራዮላይት ማግማ በጣም ዝልግልግ ስለሆነ በወፍራም ንብርብር እንኳ ኦብሲዲያን ይሆናል። ባዛልት ግን ቀጭን ፈሳሽ ነው፤ መስታወት የሚሆነው ውሃ በነካው ስስ ቅርፊት ላይ ነው።

በአንድ ዳይክ ላይ የሚሠራ ልኬት

ዳይክ ማለት ማግማ በስንጥቅ ገብቶ እንደ ግድግዳ የረጋበት ነው። ጥቁር ዳይክ ፈዛዛ ድንጋይ ሰንጥቆ ሲያልፍ ካገኛችሁ ሙሉ ሙከራው ተሠርቶ ይጠብቃችኋል። ጠርዙ ቀዝቃዛውን ድንጋይ ስለነካ በፍጥነት ረግቷል፣ አንዳንዴም መስታወት ነው። መሃሉ ግን ጠርዙ እንደ ብርድ ልብስ ስለሸፈነው ዘግይቷል።

ከመሄዳችሁ በፊት የቅዝቃዜውን ጊዜ መገመት ትችላላችሁ። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ሙቀት በድንጋይ ውስጥ በሚጓዝበት ፍጥነት ሲሰላ 1 ሜትር ውፍረት የቀናት፣ ቢበዛ የሳምንታት ጉዳይ ነው። 10 ሜትር ሦስት ዓመት ገደማ። 100 ሜትር 300 ዓመት ገደማ። 1 ኪሎ ሜትር ደግሞ 30,000 ዓመት ገደማ። ግምት ነው እንጂ ትክክለኛ ቁጥር አይደለም፤ ውሃ ከገባበት ብዙ ይፈጥናል። በሃዋይ በ1959 የተፈጠረው የኪላዌያ ኢኪ የላቫ ሐይቅ ከ100 ሜትር በላይ ጥልቀት ነበረው፣ የዝናብ ውሃ በስንጥቁ እየገባ ስላቀዘቀዘውም ሙሉ በሙሉ ለመርጋት የፈጀበት ከ30 ዓመት ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ነው።

ሜትርና ደብተር ይዛችሁ ከዳይኩ አንድ ጠርዝ ጀምሩ። ልክ ጠርዙ ላይ፣ ከዚያ 5 ሴንቲ ሜትር፣ 10፣ 20፣ 50፣ ከዚያ መሃሉ ጋ ቁሙ። በየቦታው በ1 ሴንቲ ሜትር ካሬ ውስጥ ስንት ክሪስታል እንዳለ ቁጠሩና ጻፉ። ጠርዙ ላይ መቁጠር ካቃታችሁ "አይቆጠርም" ብላችሁ ጻፉ፣ እሱም ልኬት ነው። ከዚያ ወደ ሌላኛው ጠርዝ ቀጥሉ። ሁለቱ ጎኖች ተመሳሳይ ካልሆኑ፣ ወይም መሃል ላይ በድንገት ደቃቅ መስመር ካጋጠማችሁ፣ በዚያው ስንጥቅ ሁለተኛ ማግማ ገብቶ ይሆናል። መስመሩን ተከትላችሁ ሂዱና የትኛው የትኛውን እንደቆረጠ ፈልጉ፤ ደቃቁ ጠርዝ ያለው የኋለኛው ነው።